ከውጭ የታዘዘው ፍሬን

የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣውን ትራንዚተር ሞቶ ያገኘችው የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ወለል ልትወለውል ሁለተኛ ፎቅ ስትወጣ የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ሰውየው ማልዶ መግባት ይወድ ስለነበር አልገረማትም። «እንደምን አደሩ» ብላ ባልዲዋን አስቀመጠች። መልስ ስታጣ ቀና አለች። ሰውየው ከጠረጴዛው ኋላ መሬት ላይ ነበር፤ ደክሞት ትንሽ ልረፍ እንዳለ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጆሮ ግንዱ ላይ ደም ደርቋል።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሴትየዋ ባልዲዋን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቂት ጠየቃት፤ ያየችውን ነገረችው፤ ወደ ቤቷ ላካት።

ኢንስፔክተሩ ታናሽ ወንድሙን ቀብሮ ወደ ሥራ የተመለሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ጣቢያ ውስጥ ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፤ እሱም ከሱቅ መልስ እንደሚቀበል ሰው «አሜን» ብሎ ያልፋል። አላለቀሰም። እንቅልፍም አላጣም። ይበላል፣ ምን እንደበላ ግን ቢጠይቁት አያስታውስም። አለቃው «ጥቂት ቀን ዕረፍ» ቢለው «ቤት ቁጭ ብዬ ምን ላደርግ» ብሎ መጣ።

የትራንዚተሩ ቢሮ መስኮት የጉምሩክ መጋዘኑን በር ከላይ ያያል። ግድግዳው ዙሪያ በገመድ የታሰሩ ፋይሎች ተደርድረዋል፤ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ማንም ያልወሰደው የአየር ማጣሪያ ከነካርቶኑ አቧራ ለብሷል። አብራው የምትሠራው ሳጅን መሳቢያውን ከፍታ ገንዘቡን አሳየችው።

«ሌባ አይደለም» አለች። «ሌባ ይህን ትቶ አይሄድም።»

ሐኪሙ ብዙ አላወራም። አንድ ምት ነው፤ ከባድ ብረት ነው፤ ትናንት ምሽት ቢሮዎች ከተዘጉ በኋላ ነው። ብረቱ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም።

ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛውን ዞረው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብረት ጠረጴዛ ነው። ከእንግዳው ወንበር ፊት ለፊት የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዷል። ሳጅኗ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ስታደርገው ተላጠ።

«ትኩስ ነገር አስቀምጠውበት ይሆናል» አለች።

«ትኩስ ነገር ቀለሙን ያጠቁረዋል እንጂ አያነሳውም» አለና ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ቅባት ቅባት ይሸታል። ፎቶ አንሺው እንዲያነሳው ነግሮ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

የሕንፃው ዘበኛ ወሬው እስኪወጣለት ቸኩሎ ነበር። «ትናንት ከሰዓት ፒስተን መጥቶ ሲጮህበት ጎረቤት ቢሮ ሁሉ ወጥቶ አይቷል።»

«ፒስተን ማን ነው?»

«መለዋወጫ ነጋዴው ነዋ። ሲወጣ ሲወርድ ስለሚውል ነው ስሙ። እናቱ ያወጣችለትንማ እሱም ረስቶታል።»

«ቢሮ ከተዘጋ በኋላስ ማን ወጣ?»

«አንድ ቱታ የለበሰ ሰው ወጥቶ ወርዷል፤ በጨርቅ የጠቀለለው ነገር ይዟል። ፊቱን ልብ ብዬ አላየሁትም። እዚህ ሕንፃ ቱታ የለበሰ የማይወጣበት ቀን የለም፤ ሁሉም ዕቃ አዛዥ ነው።»

*

የፒስተን ሱቅ ውስጥ ቺንጋና ጎማ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ፣ ቆሞ መሄድ የሚቻለው አንገት ደፍቶ ነው። ባለቤቱ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያወራም አይቀመጥም።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ነፍስ ይማር። ትናንት ጮኼበታለሁ፤ አልክድም።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ቀረጥ ነዋ፣ ጌታዬ። ሌላ ምን ሰው ያጣላል? አንድ ዕቃ ከውጭ ታዛለህ። ዋጋው ይኸው ነው ብለህ ደረሰኝ ታቀርባለህ። ጉምሩክ ደረሰኝህን አያምንም፤ የራሱን ዋጋ ያወጣለታል። በዚያ ላይ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ይደምርበታል። ከድምሩ ላይ ቀረጥ ያሰላል። ከቀረጡ ላይ ደግሞ ታክስ። ይህን ስትከራከር ዕቃው መጋዘን ሰነበተ ይሉህና የመጋዘን ኪራይ ይመጣል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ በሩ ነው።»

«ትራንዚተሩስ ምን አጠፋ?»

«ያገለገሉ ሞተሮች አስመጣሁ፤ አዲስ ተብለው ተቀረጡ። አቤት በልልኝ አልኩት። የአቤቱታው ቀን አልፏል አለኝ። ያሳለፈው ራሱ ነው። ቀርፋፋ ነበር።»

«ሌባስ?»

ፒስተን ቆም አለ። «ሌባ አልለውም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ዕቃዬ በወጣ ነበር።»

«ትናንት ምሽት የት ነበርክ?»

«እናንተ ጋ።»

«እኛ ጋ?»

«በንዴት ከዚያ ወጥቼ መኪናዬን ሳዞር የትራፊክ ፖሊስ ሞተር ሳይክል ገጨሁ። የታችኛው ጣቢያ አግዳሚ ላይ ነው ያመሸሁት። ጠይቋቸው።»

ሳጅኗ ወደ ውጭ ወጥታ ደወለች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ሳቅ ቢጤ ነበር። «እውነቱን ነው። እስኪለቁት ድረስ ስለ ቀረጥ ሲያስተምራቸው አመሸ አሉ።»

*

የትራንዚተሩ ቤት ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሚስቱ ግን ውስጠኛው ክፍል ብቻዋን ሆና የባሏን ሸሚዞች ታጥፋለች። አጥፋ ትጨርስና መልሳ ትዘረጋቸዋለች።

«ባለቤትዎ ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ደህና አልነበረም። ምግብ አስቀርቦ ያየዋል። ምን ሆነሃል ስለው፣ አንድ ደንበኛዬ ፍሬን እምቢ ብሎት ሚስቱ ሞተችበት አለኝ። ሚኒባስ ነጂ ነው። ባሌ ቀብሯ ላይ ሄደ፤ ለማያውቃት ሴት። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ዕቃቸው እኔ እጅ ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ አላነሳም።»

«ሹፌሩስ?»

«እሱም ተሰብሮ ሆስፒታል ነው።» አንዱን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስተኛችው። «እርስዎም ሐዘን ላይ ነዎት አሉኝ፤ አብራዎት የመጣችው ልጅ በር ላይ ነገረችኝ።»

«ታናሽ ወንድሜ ነው።»

«ይከብዳል።»

«እስካሁን አልከበደኝም» አለ ኢንስፔክተሩ። ለማንም ያላለውን ለምን ለእሷ እንዳለ አላወቀም። እሷም አልገረማትም፤ ሸሚዙን ማጠፍ ቀጠለች።

*

ሹፌሩ የተኛው አራት አልጋ ባለበት ክፍል ነው። ግራ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ በገመድ ተሰቅሏል። አጠገቡ አንድ ግዙፍ ሰው ሾርባ በማንኪያ ያጎርሰዋል፤ እጁ ታጥቦ የነጣ ቢሆንም የጥፍሮቹ ጠርዝ ጥቁር ነው።

«ጋሼ ነው» አለ ሹፌሩ። «የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። መካኒክ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ስለ ፍሬኑ ጠየቀው።

«ማስተሩ ደክሞ ነበር» አለ ሹፌሩ። «ፔዳሉን ስትረግጠው ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ብረት ነው። ለኔ ዓይነት መኪና እዚህ ገበያ አይገኝም። ጋሼ ቁጥሩን መረጠልኝና ከውጭ አዘዝን። እስኪመጣ ድረስ አሮጌውን ጠገነልኝ።»

«ታዲያ ሳይመጣ ቀረ?»

ሹፌሩ ጣሪያውን አየ። «ጉምሩክ ይዞት ነበር። ቀረጡ በዛብን። እየተከራከርን ሳለ...»

መካኒኩ ሳህኑን አስቀመጠና መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው።

«ትራንዚተራችሁ ትናንት ምሽት ተገድሏል» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሹፌሩ ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። ቆይቶ «ማን?» አለ።

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ሹፌሩ ተመልሶ ጋደም አለ። ከዚያ በኋላ የጠየቁትን ሁሉ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ መለሰ።

«አንተስ ትናንት ምሽት?» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ።

«እዚሁ» አለ መካኒኩ ሳይዞር። «ከአደጋው ወዲህ የማድረው እዚህ ወንበር ላይ ነው። መድኃኒት ልገዛ ወጣ ብዬ ነበር፤ ወዲያው ተመልሻለሁ።»

ኮሪደር ላይ ሳጅኗ «እግሩ የተሰቀለ ሰው ሁለት ፎቅ አይወጣም» አለች። «ደግሞም ጉምሩክ ይዞብኛል ያለ ሰው ትራንዚተሩን ገድሎ ምን ያተርፋል? ዕቃው ይበልጥ ይቆይበታል እንጂ።»

ኢንስፔክተሩ ዕቃው አሁን የት እንዳለ ማወቅ ፈለገ።

*

የጉምሩክ ዋጋ ተማኟ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰው ሲለምናት መዋል የሰለቻት ሴት ናት።

«ያ የፍሬን ዕቃ ነው? አስታውሰዋለሁ። በአውሮፕላን ነበር የመጣው። ሰው ይህ አይገባውም፤ እንዲፈጥንለት በአውሮፕላን ያስመጣል፣ የጭነቱ ዋጋ ሲደመርበት ቀረጡም አብሮ ያብጣል። ከዕቃው ዋጋ በላይ ሆነ። ትራንዚተሩ እዚህ ቆሞ ለመነኝ። ባለቤቱ ድሃ ሹፌር ነው አለኝ። ዕቃው ምን እንደሆነ ነው የምጠየቀው፣ የማን እንደሆነ አይደለም አልኩት።»

«አሁን መጋዘን ነው?»

«ወጥቷል እንጂ። ቀረጡ ተከፍሎ፣ ትራንዚተሩ ራሱ ፈርሞ አወጣው።» መቼ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ሳጅኗ ደረጃው ላይ ቆመች። «አደጋው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃው ወጥቶ፣ ሴትየዋ በደከመ ፍሬን ሞተች ማለት ነው።»

«እህ።»

«ትራንዚተሩ በልቶታል፤ ሸጦታል።»

«ወይም ሹፌሩ ዋሽቶናል።»

«ሚስቱ የሞተችበት ሰው ምን አስዋሸው ብለው ነው?»

የጉምሩክ ግቢ ጆሮ የሌለው ግድግዳ የለውም። ሁለቱ ጣቢያ ሳይደርሱ የመለዋወጫው ገበያ ሰው ሁሉ ትራንዚተሩ የሟች ዕቃ ሸጦ በላ ማለት ጀምሮ ነበር።

*

በማግስቱ ወደ ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ሄዱ፤ የተገጨው ሚኒባስ ጥጉ ላይ ቆሟል። አፍንጫው ውስጥ ገብቷል፤ የተሳፋሪው በር የለም። ሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የሴት ነጠላ ጫማ አንዱ እግር ቀርቷል። ኢንስፔክተሩ አየው፤ አልፎት ኮፈኑን እንዲከፍቱለት ጠየቀ።

የግቢው ቴክኒሻን በብረት ፈልቅቆ ከፈተው። ከፍሬኑ ማስተር ሥር ብረቱ ላይ ቀለሙ ተጨማዶ ተነስቷል፤ የትራንዚተሩ ጠረጴዛ ላይ እንደነበረው።

«ይኼ ምን ነካው?»

«ፍሬን ዘይት ነው» አለ ቴክኒሻኑ። «ከቀለም ጋር ጠበኞች ናቸው። ጠብ ያለበትን ቦታ ሁሉ ይልጠዋል።»

«ሳይሞቅም?»

«ቀዝቃዛውም ይበላል።»

«አዲስ ማስተር ከካርቶኑ ሲወጣ ይህ ዘይት ይኖረዋል?»

«የት አምጥቶ? አዲስ ደረቅ ነው። ዘይቱ የሚገባው መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላ ነው።»

ሳጅኗ አሮጌውን ማስተር አየችው። «ጥገናው እንዴት ነበር?»

«የሠራው ሰው እጁ ንጹሕ ነው፤ የሚቻለውን አድርጓል። የደከመ ላስቲክ ግን ምን ቢያገላብጡት የደከመ ነው። ቁልቁለት ላይ ለቀቀ።»

ከግቢው ሲወጡ ኢንስፔክተሩ መኪናውን ሳያስነሳ ተናገረ። «ትራንዚተሩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ዕቃ አዲስ አልነበረም፤ ዘይት የጠጣ ነው። አንድ መኪና ላይ ታስሮ ቆይቶ የተፈታ ማስተር ነው። ይህን በጨርቅ ጠቅልሎ ሁለተኛ ፎቅ የሚያወጣ ማን ነው?»

«የፈታው ሰው» አለች ሳጅኗ። ትንሽ ቆየችና «መድኃኒት ልገዛ ወጣ ብዬ ነበር ብሏል» አለች።

ሆስፒታሉ ተመለሱ። ነርሷ ጥያቄው ራሱ ግራ ገባት። «መድኃኒት? መድኃኒት ቤቱ እኮ እዚሁ ምድር ቤት ነው። ለዚያ ክፍል ደግሞ እኛ ነን የምንሰጠው፤ ማንም አይገዛም። ያን ዕለት ምሽት ወንድምየው የራት ሳህን ሲሰበሰብ አልነበረም። ሾርባው ሳይነካ ቀዘቀዘ። በኋላ መጥቶ ሞቅ አድርጉልኝ አለኝ፤ እጅጌው እስከ ክርኑ እርጥብ ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«ጋራዥ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ።»

*

ጋራዡ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። መሐል ላይ የአንድ ዳቦ ቤት መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ ከሚኒባሱ ጋር አንድ ዓይነት ስሪት ነው። የፍሬን ማስተሩ ቦታ ባዶ ነው። የቱቦዎቹ አፍ አቧራ እንዳይገባበት በንጹሕ ጨርቅ ተወትፏል። መሪው ላይ በካርቶን የተጻፈ ነገር ተንጠልጥሏል፦ «ፍሬን የለውም። እንዳትነኩ።»

መካኒኩ ቱታውን ለብሶ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሥራ አልያዘም።

«ይህ መኪና ምን ሆኖ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሞተር ዘይት ሊቀየርለት መጣ።»

«ማስተሩስ?»

መካኒኩ ጉልበቶቹን ይዞ ተነሳ። ከመሣሪያ ቁም ሳጥኑ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ሳጅኗ እጅ ላይ አኖረው። «አጥቤዋለሁ» አለ። «ግን እሱ ነው።»

ከዚያ ሳይጠይቁት ተናገረ፤ ድምፁ ስለ ሌላ ሰው መኪና ብልሽት የሚያስረዳ ይመስል ነበር።

«ኮፈኑን ስከፍት አየሁት፤ አዲስ ማስተር። ቁጥሩን መርጬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ከተማ ሁለተኛ የለውም። የዳቦ ቤቱን ባለቤት ከየት አመጣኸው አልኩት። ትራንዚተሩ ሸጠልኝ፣ ሌላ ጋራዥ አሰርኩት አለኝ። መቼ ነው? ነገረኝ። እህቴ በሕይወት እያለች ነው።»

«ከዚያስ?»

«ፈትቼ ይዤለት ሄድኩ። ልገድለው አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ይህ ምንድን ነው ልለው ነበር። አልኩትም። ሰውየው አልካደም። ባለቤቱ ሽጥልኝ ብሎኝ ነው የሸጥኩት አለኝ።» መካኒኩ እጆቹን ተመለከተ። «የሚስቱ አፈር ያልደረቀ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ላይ ሲያላክክብኝ ጊዜ... አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ቀብሯ ላይም አይቼው ነበር፤ ከኋላ ቆሞ። ጨዋ ሰው መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያ ወዴት ሄድክ?»

«ሆስፒታል። ራቱን የሚያበላው የለም።»

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። መካኒኩ እጁን ዘረጋላትና ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ እንደነበር ለእሱ አይንገሩት። ጉምሩክ ይዞት ነበር ብሎ ይኑር። የገደላት የኔ ጥገና ነው፤ እሱን እኔ ልሸከመው። እሱ ላይ ሌላ አይጨምሩበት።»

ኢንስፔክተሩ እሺም እምቢም አላለም።

መካኒኩን ጣቢያ ካስገቡት በኋላ ሳጅኗ «አለቀ» አለች።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ሌባ የሰረቀበት ቤት ለቅሶ አይደርስም።»

*

ሆስፒታል ሲደርሱ ሾርባው መጥቶ የአልጋው ጎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ የመካኒኩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳጅኗ በሩ ጋ ቀረች።

«ጋሼ ቆየ» አለ ሹፌሩ።

«እኛ ጋ ነው።»

ሹፌሩ ፊቱን አየው። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ሌላው አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ አሳለ። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«ትራንዚተሩ አልነገረውም?» አለ። «ሽጥልኝ ያልኩት እኔ መሆኔን አልነገረውም?»

«ነግሮታል።»

«ታዲያ?»

«አላመነውም።»

ሹፌሩ ዓይኑን ሲገልጥ ደረቅ ነበር። ቀስ እያለ ተናገረ። «ቀረጡን ሲነግረኝ ራሴን አዞረኝ። ሌላ ዕቃ ደግሞ የሚያስገዛ ነው። ቆይ ስለው፣ አትቆይ፣ የመጋዘኑ ኪራይ በየቀኑ ይጨምራል ይለኛል። የቤት ኪራይ ደግሞ አልፎብናል። እንደኔ ዓይነት መኪና ያለው የዳቦ ቤት ሰውዬ ፈልጎት ነበር፤ እሱ ቀረጡን ከፍሎ ይውሰደው፤ እኔ የገዛሁበትን ይመልስልኝ አልኩት። ትራንዚተሩ፣ ፍሬን ነው እኮ፣ ደግመህ አስብበት አለኝ። ወንድሟ የጠገነው ደህና ይይዛል አልኩት። ይይዝም ነበር። ገንዘቡን ሳያጎድል አመጣልኝ፤ ለአከራያችን ሰጠሁት። በመርከብ ሌላ አዛለሁ፣ እስከዚያ ማን ያውቃል ብዬ ነው። ለእሷም ለጋሼም ጉምሩክ ይዞታል አልኳቸው። የቆጡን ሳወርድ የብብቴን ጣልኩ።»

«ትናንት ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«እሱ ቆሞ? እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጥገናዬ ነው የገደላት፣ እኔ ነኝ ይለኛል። አይደለህም ልለው አፌን እከፍታለሁ። ነገ እላለሁ፤ ነገ ትንሽ ይረጋጋ እላለሁ።» ወደ ሾርባው አየ። «ያኔውኑ ብናገር ሰውየው በሕይወት ነበር። አይደለም?»

ኢንስፔክተሩ «አዎ» አለው።

መኪናው ውስጥ ቁልፉን ሰክቶ ሳያዞረው ተቀመጠ። ሳጅኗ ጠበቀች።

«ልንዳ?» አለች በመጨረሻ።

«ወንድሜ ሆስፒታል ሳለ ደውሎልኝ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። «ነገ እመጣለሁ አልኩት።»

ሳጅኗ ወርዳ በመሪው በኩል ዞረች፤ እሱም ቦታውን ለቀቀላት።

*

የትራንዚተሩ ግቢ ውስጥ ብዙ ወንበር ባዶ ሆኗል። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ እዚህ ደርሷል። የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎችና አንድ ዘመድ ናቸው። ሚስቱ በሩ ደፍ ላይ ቆማ ተቀበለችው።

«ባለቤትዎ አልሰረቁም» አላት፤ ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዕቃውን የሸጡት ባለቤቱ ለምኗቸው ነው። ገንዘቡንም ሳያጎድሉ አስረክበዋል። እንዳይሸጥ የመከሩትም እሳቸው ናቸው። ባለቤቱ በራሱ አፍ ነግሮኛል።»

«የገደለው ሰውስ ይህን ያውቃል?»

«ነግረውት ነበር። አሁን ደግሞ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሴትየዋ የበሩን መቃን ያዘች። «ይንገሩት» አለች። «ለሰውም ይንገሩልኝ።»

«ከዚህ ሳልፍ ፒስተን ጋ እገባለሁ። እሱ ካወቀ አገር አወቀ።»

ፒስተን ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረሱበት። ሰምቶ ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። «እኔም ሳወራ ነበር የዋልኩት» አለ። ከዚያ ተነስቶ መዝጊያውን ክፍት ትቶ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሄደ።

*

መካኒኩ ማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቱታውን አስወልቀውት የሰው ሸሚዝ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ጠቦታል።

«አልነገሩትም አይደል?» አለ ገና ኢንስፔክተሩ ሲገባ።

«እሱ ነው የነገረኝ።»

መካኒኩ አልገባውም። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባው። ኢንስፔክተሩ የቀረውን ባጭሩ ነገረው፤ ቀረጡን፣ የቤት ኪራዩን፣ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ። ምንም አላለዘበም፤ ምንም አልጨመረም። መካኒኩ አንድ ጊዜ ብቻ «ራሱ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ።

«ራሱ ነው።»

መካኒኩ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ የሱ ሸሚዝ አለመሆኑ ትዝ ሲለው መለሰው።

«እህቴ ታውቅ ነበር?» አለ።

«አታውቅም ነበር። እሷንም ጉምሩክ ይዞታል ብሏት ነው።»

«እንኳን አላወቀች» አለ መካኒኩ።

ዘቡ በሩን ሊዘጋ መጥቶ ኢንስፔክተሩን ጠበቀው። ኢንስፔክተሩ ግን አልወጣም። ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ።